ኖቬምበር 9፦ የጀርመኖችን የታሪክ ቀን ለትምህርት ቤት ሰሌዳና ለሚኒ ሚዲያ ማዘጋጀት

የታሪክ ክበብ «ዛሬ በታሪክ» የሚል ሰሌዳ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ከስልክ ላይ አሥር አሥራ አምስት መስመር ይገለበጣል፤ አንዱ የንጉሥ ሞት፣ አንዱ የኳስ ተጫዋች ልደት፣ አንዱ የመርከብ መስጠም። ተማሪው ቆሞ ያነባል፣ ያልፋል፣ ከእረፍት ሲመለስ አንዱም አብሮት የለም። ነገሮቹ አንድ ቀን ላይ ከመዋላቸው በቀር እርስ በርስ አይተዋወቁምና።

ኖቬምበር 9 ግን ሌላ ነው። በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ታሪክ ውስጥ ይህ ቀን አንዱ ሌላውን የሚጠራ ክስተት ይዟል፤ ጀርመኖች ራሳቸው «የዕጣ ፈንታ ቀን» የሚል ስም ሰጥተውታል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 30 ላይ ይውላል። ለባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ጊዜው የተመቸ ነው፤ ክበባት ተደራጅተዋል፣ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰሌዳ ውጭ መስቀል ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር አምስት ክስተት ለያዘ አንድ የግድግዳ ሰሌዳና በጠዋት ሰልፍ ላይ ለሚነበብ የሰባት ደቂቃ ዝግጅት ነው። ሁለት ሳምንት ይበቃል። አንደኛውን ሳምንት ለማጣራት፣ ሁለተኛውን ለመጻፍና ለልምምድ ያዙ። የማጣሪያውን ሳምንት የሚያሳጥር ክበብ ስህተቱን የሚያገኘው ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

አምስቱ ክስተቶች

የመጀመሪያው የ1848ቱ ነው። በፍራንክፈርት የተሰበሰበው የመላው ጀርመን ብሔራዊ ጉባኤ አባል ሮበርት ብሉም፣ ቪየና ላይ የተነሣውን አብዮት ደግፎ ስለተገኘ ከከተማዋ ዳር ብሪጊተናው በተባለ ስፍራ በጥይት ተገደለ። የሕዝብ እንደራሴ ስለነበር ያለመከሰስ መብት ነበረው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ግን ከምንም አልቆጠረውም። 41ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ይህ ክስተት ኦስትሪያን ወደ ሰሌዳው ስለሚያስገባ አትተዉት፤ ጀርመንኛ የሚናገረው አገር ጀርመን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው 1918 ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተሸነፈ ባለበት ሰዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማክስ ፎን ባደን፣ ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ ዙፋኑን ለቅቋል ብሎ አስነገረ። ካይዘሩ ግን በዚያን ሰዓት ቤልጅየም ውስጥ ስፓ በተባለች ከተማ ነበር፤ የመልቀቂያውን ወረቀት የፈረመው ወደ ኔዘርላንድስ ከሸሸ በኋላ ኖቬምበር 28 ነው። በዚያው በኖቬምበር 9 ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ፊሊፕ ሻይደማን ከፓርላማው ከራይሽታግ መስኮት ሪፐብሊክ አወጀ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ ካርል ሊብክኔኽት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሌላ፣ ሶሻሊስታዊ ሪፐብሊክ አወጀ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት አዋጅ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ካይዘሩ ዙፋኑን ለቀቀ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «መልቀቁ ታወጀ» በሉ።

ሦስተኛው 1923፣ ሙኒክ። ሂትለርና ጄኔራል ሉደንዶርፍ ያካሄዱት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተጀመረው በዋዜማው ኖቬምበር 8 ማታ በአንድ ትልቅ የቢራ አዳራሽ ነው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በከተማዋ መሐል ሲሰለፉ ፖሊስ ተኩሶ በተናቸው። 4 ፖሊሶች ሞቱ። ናዚዎች በኋላ «ሰማዕታት» እያሉ 16 ስም ሲያነሡ ኖሩ፤ ከ16ቱ አንዱ ግን ከአመጹ ጋር ግንኙነት ያልነበረው፣ በዚያ የተገኘ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር። 16 የሚለውን ቁጥር የምታስገቡ ከሆነ ይህን አብራችሁ አስገቡ፤ አለበለዚያ የናዚን ፕሮፓጋንዳ በእጃችሁ ጽፋችሁ መስቀላችሁ ነው። ሂትለር 5 ዓመት ተፈርዶበት በዲሴምበር 1924 ከእስር መውጣቱም በአንድ ሐረግ ቢነሣ ተገቢ ነው።

አራተኛው የ1938ቱ ሌሊት፣ አምስተኛው ምሥራቅና ምዕራብ በርሊንን ለያይቶ የቆየው የበርሊን ግንብ በ1989 መከፈት ነው። ሁለቱ ከሌሎቹ የበለጠ ጥንቃቄ ስለሚፈልጉ ወደ ኋላ ለብቻቸው እንመለስባቸዋለን።

የሚቀሩትን ማወቅ የሚገቡትን ከማወቅ አያንስም። ጌኦርግ ኤልዘር ሂትለርን ለመግደል ያጠመደው ቦምብ የፈነዳው ኖቬምበር 8 ቀን 1939 ነው፤ ሂትለር 13 ደቂቃ ቀደም ብሎ አዳራሹን ለቅቆ ወጥቶ ነበር። ታሪኩ ስለሚማርክ ብዙ ሰው ወደ 9 ይጎትተዋል፤ ቀኑ ግን አይደለም። የአንደኛው ጦርነት የተኩስ አቁም ኖቬምበር 11 ነው። የማርቲን ሉተር ልደት ኖቬምበር 10 ነው። በ1932 ኖቬምበር 9 ጄኔቭ ላይ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች ገድለዋል፤ ይህ ቀኑ ልክ ነው፣ አገሩም ስዊዘርላንድ ነው፣ ጄኔቭ ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከተማ ናት። ርዕሳችሁ «ጀርመንኛ ተናጋሪዎች» ካለ አይገባም።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ አጻጻፉን ለዩ። ጀርመኖች ቀኑን አስቀድመው 9.11. ብለው ይጽፋሉ። አሜሪካኖች ወሩን ስለሚያስቀድሙ 9/11 ሲሉ ሴፕቴምበር 11 ማለታቸው ነው፤ የእኛ መስከረም 1። ከሁለቱም ምንጭ የሚገለብጥ ተማሪ ሁለቱን ወራት ያደበላልቃል። የወሩን ስም በፊደል ያልጻፈ ምንጭ ካጋጠማችሁ የሳምንቱን ቀን ፈልጉ፦ ኖቬምበር 9 በ1918 ቅዳሜ፣ በ1923 ዓርብ፣ በ1938 ረቡዕ፣ በ1989 ሐሙስ ነበር። ቀኑ ካልገጠመ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ቀጥሎ ዓመቱ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። የእኛ አምስት ክስተቶች ሁሉ በኖቬምበር ስለዋሉ 7 ቀንሱ።

ከዚያ ቀኑ። በ20ኛውና በ21ኛው ክፍለ ዘመን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ከዚያ ሲቆጠር ኖቬምበር 9 የዓመቱ 60ኛ ቀን፣ ማለትም ጥቅምት 30 ይሆናል። ያለፈው ጳጉሜን 6 ከነበረ ግን እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ስለሚገፋ ኖቬምበር 9 ጥቅምት 29 ላይ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ቀኑም ጥቅምት 29 ነው። 1916 ለ4 ይካፈላል። ስለዚህ የሙኒኩ ሰልፍ የተካሄደው ጥቅምት 29 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። 1911፣ 1931 እና 1982 አይካፈሉም፤ ሦስቱም ጥቅምት 30 ናቸው።

የ1848ቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የፈረንጆቹ አቆጣጠር 1900ን ሰግር ዓመት አላደረገም፤ የእኛ ግን በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አላቋረጠም። በዚህ ምክንያት ከ1800 እስከ 1900 መጀመሪያ ባሉት ዓመታት እንቁጣጣሽ ከዛሬው አንድ ቀን ቀድሞ ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውል ነበር። በዚያ ሲቆጠር ብሉም የተገደለው ኅዳር 1 ቀን 1841 ዓ.ም. ነው። ለዛሬ ዘመን ብቻ የተሠራ የስልክ መቀየሪያ ጥቅምት 30 ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ስልኩን በጣታችሁ ቆጥራችሁ ፈትኑት። ከ1700 በፊት ያለ የጀርመን ታሪክ የምታስገቡበት ሌላ ቀን ካለ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ፕሮቴስታንት የሆኑት የጀርመን ግዛቶች እስከ 1700 ድረስ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለቆዩ አንድ ጦርነት ሁለት ቀን ይጻፍለታል፤ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታፍ አዶልፍ የወደቀበት የሉትሰን ጦርነት በአንዱ መጽሐፍ ኖቬምበር 6፣ በሌላው ኖቬምበር 16 ቀን 1632 ነው፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

እንግዲህ አንዱ ኅዳር 1፣ አንዱ ጥቅምት 29፣ ሦስቱ ጥቅምት 30 ሆኑ። «ታዲያ እንዴት አንድ ቀን ይባላሉ?» የሚል ተማሪ ይመጣል፤ መምጣቱም ደግ ነው። መታሰቢያው የሚከበረው በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ሰሌዳውን ዘንድሮ ኖቬምበር 9 በሚውልበት ቀን ስቀሉ። በእያንዳንዱ ክስተት ራስ ላይ የዚያን ዘመን የእኛን ቀን፣ ከሥሩ በቅንፍ የእነሱን ጻፉ። ከሰሌዳው ግርጌ ደግሞ ልዩነቱን በሁለት መስመር አስረዱ። ያ ግርጌ የሒሳብ መምህሩንም ሰሌዳው ፊት ያቆመዋል።

ሰዓቱስ?

የበርሊንን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሰዓት አትቀይሩ። ቀኑን በከንቱ ይገፋባችኋል። የቦታውን ሰዓት ያዙና በእኛ አቆጣጠር ጥሩት፦ 14፡00 ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 18፡53 ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን 7 ደቂቃ ሲቀረው፣ 23፡30 ከሌሊቱ 5፡30። «በበርሊን ሰዓት» የሚለውን አንድ ጊዜ መጥቀስ ይበቃል።

ሌሊት ላይ የተፈጸመውን በተመለከተ አማርኛ የተዘጋጀ አባባል አለው። የ1938ቱ ጥፋት በኖቬምበር 9 እና 10 መካከል ባለው ሌሊት የተፈጸመ ነው፤ የ1989ኙም ግንቡ የተከፈተው ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሆኖ ሕዝቡ ሲሻገር ያደረው እስከ ንጋት ነው። የፈረንጁ መጽሐፍ «9/10» እያለ ይቸገራል። እኛ «ጥቅምት 30 ለኅዳር 1 አጥቢያ» ብለን እንጨርሰዋለን። ሁለቱንም እንዲሁ ጻፉ።

የ1938ቱን አጻጻፍ

ይህ የሰሌዳው ክብደት ያለበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «በዚህ ቀን በጀርመን ክሪስታል ናይት የተባለው ክስተት ተካሄደ።» ስብሰባ ይካሄዳል፤ ይህ አልተካሄደም። ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ አንድም ቃል የለበትም። ስሙም ራሱ ችግር አለበት፤ «የመስታወት ሌሊት» የተሰበረውን የሱቅ መስታወት ያሳያል እንጂ የነደደውን ምኩራብና የተገደለውን ሰው ይጋርዳል። ዛሬ ጀርመኖችም «የኖቬምበር ፖግሮም» ማለትን ይመርጣሉ። ፖግሮም ማለት በአንድ ሕዝብ ላይ ታቅዶ የሚዘመት ግድያ፣ ቃጠሎና ዘረፋ ነው፤ ቃሉን ስትጠቀሙ ፍቺውን አብራችሁ ስጡ።

በአማርኛ «ተቃጠለ»፣ «ተዘረፈ»፣ «ተሰበረ» ማለት ይቀለናል፤ አድራጊው ግን በ«ተ»ዋ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ግሡን ወደ አድራጊው መልሱት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጥቅምት 30 ለኅዳር 1 አጥቢያ 1931 ዓ.ም. (ኖቬምበር 9–10፣ 1938)። የናዚ ፓርቲ ሰዎች በመላው ጀርመንና ኦስትሪያ ከ1,400 በላይ ምኩራቦችንና የጸሎት ቤቶችን አቃጠሉ፣ አወደሙ። 7,500 ያህል የአይሁዳውያን ሱቆችን ሰባበሩ፣ ዘረፉ። ፖሊስ ወደ 30,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ወንዶችን ይዞ ወደ ዳኻው፣ ቡኸንቫልድና ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያዎች አጋዘ። መንግሥቱ በመጨረሻ 1 ቢሊዮን ማርክ ቅጣት የጣለው በተበዳዮቹ በአይሁዳውያኑ ላይ ነው።»

የሟቾቹ ቁጥር ለምን እንዳልገባ ልብ በሉ። ናዚዎች ራሳቸው ያወጡት ቁጥር 91 ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዚያ ሌሊትና ከዚያ በኋላ በማጎሪያዎቹ የሞቱትን ሲደምሩ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። 91ን ብቻውን መጻፍ የገዳዩን መዝገብ መገልበጥ ነው። ቦታ ካላችሁ ሁለቱን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ከሌላችሁ ተዉት።

አንድ ትንሽ ነገር አንባቢውን ከቁጥሩ በላይ ይይዘዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተሰጣቸው ትእዛዝ ምኩራቡ ሲነድ እንዲያዩ፣ እሳቱ ወደ ጎረቤት ቤት እንዳይሻገር ብቻ እንዲጠብቁ ነበር። ቪየና ውስጥ ከትልልቆቹ ምኩራቦች ሳይወድም የቀረው የከተማው ምኩራብ ነው፤ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ስለተሠራ እሳት ቢለቁበት ሰፈሩ ሁሉ ይነድ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ላለ አንባቢ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ 1931 ዓ.ም. ሲል ይህች ከተማ ራሷ በፋሺስት ጣልያን እጅ ነበረች። ዘመኑን ከራሱ አያት ዕድሜ ጋር ሲያስተያየው ነገሩ ከሩቅ አገር ወሬነት ይወጣል።

ሥዕልን በተመለከተ፦ የናዚዎችን ምልክት ስዋስቲካን በትልቁ አትሳሉ፣ የሂትለርን ፎቶ መሐል ላይ አታድርጉ። የሰሌዳው ዓይን ሆኖ ይቀራል። የተቃጠለ ምኩራብ አንድ ፎቶ ይበቃል።

የ1989ኙን አጻጻፍ

«የበርሊን ግንብ ፈረሰ» ሁላችንም የለመድነው አነጋገር ነው። በዚያ ሌሊት ግን ግንቡ ተከፈተ እንጂ አልፈረሰም፤ መንግሥት በይፋ ማፍረስ የጀመረው በጁን 1990 ነው። ርዕሱን «የበርሊን ግንብ ተከፈተ» ብላችሁ አቃኑት።

የተከፈተበት መንገድ ለንባብ የተመቸ ነው። የምሥራቅ ጀርመን ፓርቲ ባለሥልጣን ጉንተር ሻቦቭስኪ በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አዲስ የጉዞ ደንብ የያዘ ወረቀት አነበበ። ደንቡ ሊወጣ የታሰበው በማግስቱ ንጋት ላይ ነበር፤ እሱ ግን ይህን አላወቀም። ጋዜጠኞች ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ሲጠይቁት ወረቀቱን አገላብጦ «ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ» ብሎ መለሰ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ሕዝቡ ወደ መሻገሪያዎቹ ጎረፈ። ቦርንሆልመር ጎዳና በተባለው መሻገሪያ ተረኛ የነበረው መኮንን ሃራልድ ዬገር ከበላይ የረባ ትእዛዝ ሲያጣ፣ ከሌሊቱ 5፡30 ገደማ በሩ እንዲከፈት አዘዘ። ግንቡ ከነሐሴ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. (ኦገስት 13፣ 1961) ጀምሮ 28 ዓመት ቆሞ ነበር።

ፎቶ ስትመርጡ ሰማዩን እዩ። ሰዎች በብራንደንቡርግ በር ፊት በግንቡ ላይ ቆመው በጠራራ የሚታዩበት ፎቶ የዚያ ሌሊት ሊሆን አይችልም፤ የማግስቱ ወይም የቀጣዮቹ ቀናት ነው። ከሥሩ «በማግስቱ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ፎቶውን መጣል አያስፈልግም። «ምሥራቅ ጀርመን» ስትሉ ታላላቆች «ዲሞክራቲክ ጀርመን» ብለው የሚያውቁት አገር መሆኑን በቅንፍ አስታውሱ፤ አዲስ አበባ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልት የዚያ አገር ስጦታ ነው።

ቀዩ ክር

አሁን ሰሌዳውን ከዝርዝር የሚያወጣው ሥራ ነው። ሁለት ክስተቶች አንድ ቀን ላይ የዋሉት አንዱ ሌላውን ጠርቶት ከሆነ በቀይ ክር አገናኟቸው፤ በአጋጣሚ ከሆነ ክር አታድርጉ።

ከ1918 ወደ 1923 ክር አለ። ናዚዎች ሪፐብሊኩን ያቆሙትን ሰዎች «የኖቬምበር ወንጀለኞች» እያሉ ይሰድቡ ነበር፤ በ5ኛ ዓመቱ የተነሡትም ያንኑ ሪፐብሊክ ሊያፈርሱ ነው። ከ1923 ወደ 1938 ያለው ክር ከሁሉም ይጠነክራል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የፓርቲው መሪዎች በየዓመቱ በዚህ ቀን ሙኒክ ተሰብስበው የከሸፈውን ሙከራ ይዘክሩ ነበር። በ1938 ለዚሁ ዝክር ተሰብስበው ሳለ ሄርሸል ግሪንሽፓን የተባለ የ17 ዓመት አይሁዳዊ ወጣት ፓሪስ ላይ የተኮሰበት የጀርመን ዲፕሎማት ኤርንስት ፎም ራት መሞቱ ተሰማ። የናዚዎቹ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ተነሥቶ ተናገረ፤ መሪዎቹም እዚያው ሆነው ወደየግዛታቸው በስልክ ትእዛዝ አስተላለፉ። ሁሉም በአንድ አዳራሽ ባይገኙ ኖሮ ትእዛዙ በዚያ ፍጥነት ባልተሰራጨ ነበር። የፎም ራት ሞት ሰበብ እንጂ ምክንያት አለመሆኑን ግን በግልጽ ጻፉ።

ከ1938 ወደ 1989 ክር የለም፤ የሻቦቭስኪ ስህተት ቀን መርጦ አልመጣም። የብሉምም ሞት እንዲሁ ብቻውን ይቁም። ነገር ግን በ1938 እና በ1989 መካከል ትንሽ ካርድ ለጥፉና ከሁለቱም ክር ሳቡለት፦ «መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. (ኦክቶበር 3፣ 1990)፣ የጀርመን ውሕደት።» ጀርመኖች ብሔራዊ በዓላቸውን ግንቡ በተከፈተበት ቀን ያላደረጉት ምኩራቦቹ በነደዱበት ቀን መጨፈር ስላልፈለጉ ነው። ካርዷ ከአምስቱም ክስተት ይልቅ ጥያቄ ታስነሣለች።

ሰሌዳውን መሥራት

ሁለት ፍሊፕ ቻርት ወረቀት ጎን ለጎን አያይዙ፤ ወርዱ 120፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለርዕስ ተዉና የቀረውን በአምስት ዓምድ ክፈሉ፣ እያንዳንዱ 22 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ለክር ማሳለፊያ። የርዕሱ ፊደል ቁመት 5፣ የጽሑፉ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በሁለት ሜትር ርቀት ይነበባል። በዚህ መጠን አንድ መስመር ሦስት ቃል ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ክስተት ከ45 ቃል አይለፍ። በእርሳስ አስምሩ፣ በእርሳስ ጻፉ፣ ሌላ ሰው ፊደል በፊደል ያንብበው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማርከር ይምጣ። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር፤ ቀይ ማርከር ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ለጽሑፍ አይሁን።

ስሞችን አንድ ዓይነት አድርጉ። አንዱ ዓምድ ላይ «ቪልሄልም»፣ ሌላው ላይ «ዊሊያም» ካለ ተማሪው ሁለት ሰው ይመስለዋል። የሰዎችን ስም እንደ ጀርመንኛው፣ የከተሞችን ስም አማርኛ አንባቢ እንደለመደው (ሙኒክ፣ ቪየና) ጻፉ። ለአነባበቡ የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት ማዳመጥ ይረዳል።

ቀጭን ኮላ ወረቀቱን ስለሚያኮማትር ፎቶዎቹን በአራት ጠርዝ በስኮች ያዙ። ከወረቀቱ ጀርባ ካርቶን አድርጉ፤ ክሩን በስፒል ስትወጥሩ የሚይዘው ነገር ይኖራል። የሹራብ ክር ከልብስ ስፌት ክር ይሻላል፣ ከሩቅ ይታያል። ሰሌዳውን ከቀትር በኋላ ፀሐይ በማያገኘውና ከሐይቁ በኩል ለሚመጣው ነፋስ ጀርባውን በሰጠ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ሁለቱን የላይ ጥግ ብቻ የተያዘ ወረቀት እስከ ማታ አይደርስም፤ አራቱንም ጥግና የጎኖቹን መሐል ያዙ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሄዱት ሁለት ቀን ቀድማችሁ ነው፤ የዋዜማው ዕለት መብራት ቢጠፋ የሚያድናችሁ የለም።

በሰልፍ ላይ ማንበብ

ሁለት አንባቢ ይበቃል፤ አንዱ ቀንና ቦታውን ይጠራል፣ ሌላው ክስተቱን ያነባል። ለብሉም 40 ሴኮንድ፣ ለ1918 እና ለ1923 አንድ አንድ ደቂቃ፣ ለ1938 ሁለት ደቂቃ፣ ለ1989 አንድ ደቂቃ ተኩል፣ የቀረው ለመግቢያና ስለ ቀን አቆጣጠሩ ለሚነገረው። ከስልክ ላይ አይነበብ፤ በጠዋት ፀሐይ ስክሪኑ አይታይም። በወረቀት፣ በትልቅ ፊደል ይሁን።

ከ1938ቱ ንባብ በፊትም በኋላም ሙዚቃ አይግባ። ንባቡ ሲያልቅ አንባቢው እስከ 20 በልቡ ቆጥሮ ይጠብቅ፤ «የሕሊና ጸሎት» ብሎ ማወጅ አያስፈልገውም፣ ዝምታው ራሱ ይናገራል። ወደ 1989 ሲሻገር «አሁን ደግሞ ወደ ደስታው እንለፍ» የሚል ማያያዣ አይጠቀም፤ አንዱ ሌላውን አይክሰውም። ቀኑን ብቻ ጠርቶ ይቀጥል። የሻይደማንን ንግግር ቃል በቃል የሚያነብ ካለ አስቁሙት፤ ንግግሩ በተለያየ ቅጂ ስለሚገኝ በጥቅስ መግባት የለበትም፣ ሪፐብሊክ ማወጁን መናገር ይበቃል። ስፒከሩ ቢጠፋ ባትሪ ያለው ሜጋፎን በእጃችሁ ይኑር፤ እሱም ከሌለ ሰልፉን በግማሽ ክብ አቅርቡትና በድምፅ አንብቡ።

ሰሌዳው ሲወርድ ክሩን ፈትታችሁ ወረቀቱን ጠቅልላችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ አይታጠፍ። ከጀርባው የቀጣዮቹን ዓመታት ቀን በእርሳስ ጻፉበት፦ በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 30 ሰኞ፤ በ2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ጥቅምት 29 ማክሰኞ።